የአንባቢያን ጥያቄ፦ ባንኮቻችን ከውጭ ዶላር ቢበደሩ ምን ችግር አለው?

ጥያቄ 1፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የግል ባንክ ብድር ክፍል ነው የምሰራው፣ ስምንት አመት ሞላኝ። ሰሞኑን ቢሮ ውስጥ አንድ ክርክር ተነስቶ የምሳ ሰአታችንን ሁሉ እየበላው ነው። ከሐምሌ 2016ቱ ሪፎርም በኋላ ባንኮች ከውጭ ሲበደሩ የነበረው የወለድ ጣሪያ ተነስቷል፣ ስለዚ እኛ ወጣቶቹ "በቃ ከውጭ በርካሽ ወለድ ዶላር ተበድረን ለደንበኛ እናበድራለን፣ እኛም እናተርፋለን የዶላር እጥረቱም ይቀላል" እንላለን። አንድ አንጋፋ አለቃችን ግን "ልጆች ተጠንቀቁ፣ የባንክ የውጭ ብድር ከኢኮኖሚው ጋር አብሮ ይወጣል አብሮ ይወርዳል፣ ሲወርድ ደግሞ ይዞህ ነው የሚወርደው" ይሉናል። ይሄ ነገር አልገባኝም። ገንዘብ የሚያጥረው ኢኮኖሚ ሲዳከም አይደል እንዴ? ታዲያ ባንክ ከውጭ መበደር ያለበት ያኔ ነዋ! እባካችሁ አስረዱኝ። ወንድማችሁ ከብድር ክፍል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ አለቃህ ልክ ናቸው። አንተም "ገንዘብ የሚያጥረው ሲከፋ ነው" ያልከው ልክ ነህ፣ ግን ያንተ ማጠር ለአበዳሪው ጉዳዩ አይደለም። አንተ ብድር የምትፈልገው ሲከፋህ ነው፣ እሱ የሚሰጥህ ደግሞ ሲደላህ ነው። ነገሩ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ አለመገጣጠም ነው።

መጀመሪያ ጥሩውን ጊዜ እንየው። ኢኮኖሚው ሲሞቅ ሁሉም ሰው ብድር ይፈልጋል፣ ህንፃ የሚያቆመውም ማሽን የሚያስመጣውም አዲስ ቅርንጫፍ የሚከፍተውም። የህዝቡ ቁጠባ ግን በዛ ፍጥነት አያድግም፣ ሰው ገቢው ትንሽ ስለተሻለ ባንክ ያለውን ብር በአንድ አመት እጥፍ አያደርገውም። ስለዚ ባንኩ ሊያበድረው በሚፈልገውና ከአስቀማጭ በሰበሰበው መሀል ክፍተት ይመጣል፣ ያንን ክፍተት የሚሞላው ከሌሎች ባንኮች በተለይ ከውጭ ባንኮች በሚያመጣው ገንዘብ ነው። ለዚህ ነው የኢኮኖሚ ባለሙያዎች የአንድ አገር ባንኮች የውጭ እዳ ከተቀማጫቸው በላይ እየፈጠነ ሲያድግ ካዩ "እዚህ አገር ትኩሳት አለ" የሚሉት። በዛ ላይ ያኔ ሁሉም ነገር ደህና ነው የሚመስለው፣ የማይመለስ ብድር ትንሽ ነው፣ ለመያዣ የተያዘው ቤት ዋጋው በየወሩ ይጨምራል፣ የአገሩ ገንዘብም የረጋ ነው። የውጩ አበዳሪ የሚያየው ይሄንን ወረቀት ነው፣ ወረቀቱ ደግሞ በጣም ያምራል።

ሌላም ነገር አለ፣ ብድሩ የሚመጣው አንተ ጎበዝ ስለሆንክ ብቻ አይደለም። ሄለን ሬይ የምትባል የለንደን ቢዝነስ ስኩል ፕሮፌሰር እ.ኤ.አ. በ2013 ያቀረበችው ጥናት እንደሚለው የአለም ገንዘብ አንድ የጋራ ዑደት አለው፣ እሱም አሜሪካ ወለድ ዝቅ ስታደርግና የገበያው ፍርሀት ሲቀንስ ገንዘቡ ወደ ብዙ አገር አብሮ ይፈሳል፣ አሜሪካ ወለድ ስትጨምር ወይም ገበያው ሲደነግጥ አብሮ ይመለሳል። ማለትም ያንተ ባንክ ምንም ሳያጠፋ፣ ደንበኞችህ በሙሉ በሰአቱ እየከፈሉ፣ ዋሽንግተን ላይ በተወሰነ ውሳኔ ምክንያት ብድርህ ላይታደስ ይችላል። ይሄ ፍትሀዊ አይደለም ግን እውነት ነው።

እስቲ በኛው እናስበው። አንድ የመርካቶ ነጋዴ ገበያው ደርቶለት ጓደኞቹ "ውሰድ፣ በሶስት ወር ትመልሳለህ፣ ካስፈለገህም እናራዝመዋለን" እያሉ ብር ያበድሩታል። እሱ ደግሞ በዛ የሶስት ወር ብር ህንፃ ይጀምራል። ሶስት ወር ሲደርስ ያራዝሙለታል፣ እንደገና ያራዝሙለታል፣ ሶስተኛው ፎቅ ላይ ይደርሳል። አንድ ቀን ገበያው ይቀዘቅዝና ሁሉም ጓደኞቹ ባንድ ሳምንት "እኛም ቸግሮናል፣ ብራችንን" ብለው ይመጣሉ። ብረቱን ነቅሎ አይመልስላቸው! እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ የሚባለው ለዚህ ነው። አሁን በዚህ ላይ ብድሩ በዶላር ነው በል፣ ገቢው ደግሞ በብር።

ይሄ ተረት አይደለም፣ ደቡብ ኮሪያ ላይ ሆኗል፣ ያውም ሁለት ጊዜ። ሁለቱንም ዘርዘር አድርጌ የምነግርህ ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ ስለማላውቅ ነው።

በ1990ዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ (አመቶቹንና ወሮቹን በፈረንጅ ነው የምጠራልህ) ኮሪያ በአማካይ በአመት ከ7 በመቶ በላይ ታድግ ነበር። ትላልቆቹ ኩባንያዎች ብረት፣ መኪና፣ የኮምፒውተር ቺፕ ፋብሪካ እየገነቡ ነው፣ ብድር አይበቃቸውም። መንግስት የፋይናንስ ገበያውን ሲከፍት አንድ ስህተት ሰራ፣ ከውጭ የረጅም ጊዜ ብድር ላይ ቁጥጥሩን ይዞ የአጭር ጊዜውን ግን ለቀቅ አደረገው። ባንኮቹም ወደተከፈተላቸው በር ሄዱ። በ1994 እና በ1996 ደግሞ 24 የፋይናንስ ኩባንያዎች ወደ መርቸንት ባንክነት (በዋናነት ለኩባንያዎች የሚሰራ ባንክ) እንዲለወጡና በውጭ ምንዛሬ እንዲሰሩ ተፈቀደላቸው፣ ብዙዎቹ የዶላር ስራ ልምድ እንኳ የላቸውም፣ በጥቂት ወራት የሚመለስ ዶላር እየተበደሩ በአመታት ለሚመለስ ፕሮጀክት ማበደር ጀመሩ። በ1996 መጨረሻ አገሪቱ ኦኢሲዲ የሚባለው የበለፀጉ አገሮች ማህበር ውስጥ ገባች፣ ሀብታም ተባለች። የውጭ እዳዋ ግን ከግማሽ በላይ በአንድ አመት ውስጥ የሚከፈል ነበር።

ከዛ ነገሩ ተገለበጠ። የቺፕ ዋጋ በ1996 ወረደ፣ በጥር 1997 ሀንቦ የሚባለው የብረት ኩባንያ ከሰረ፣ በአመቱ አጋማሽ የመኪና አምራቹ ኪያ ተንገዳገደ፣ ሐምሌ 2 ቀን 1997 ታይላንድ ገንዘቧን ባህትን ለገበያ ለቀቀችና አካባቢው በሙሉ ደነገጠ። የውጭ ባንኮች ኮሪያን "አናድስም፣ ክፈሉ" ማለት ጀመሩ። ባንኮቹ ከየት ያምጡ? ያበደሩት ብረት ፋብሪካ ሆኗል። ስለዚ ዶላር ፍለጋ ወደ ገበያ ሮጡ፣ ማእከላዊ ባንኩም ከውጭ ምንዛሬ መጠባበቂያው እያወጣ ሰጣቸው፣ ህዳር መጨረሻ ላይ እጁ ላይ ሊጠቀምበት የሚችለው ከ10 ቢሊዮን ዶላር በታች ነበር። አገሪቱ ወደ አይኤምኤፍ ሄደች፣ ታህሳስ ላይ ከአይኤምኤፍ ብቻ 21 ቢሊዮን ዶላር ተፈቀደላት። በአመቱ አጋማሽ አንድ ዶላር 900 ዎን (የኮሪያ ገንዘብ) ገደማ የነበረው ታህሳስ ላይ ወደ 2,000 ተጠጋ። በ1998 ኢኮኖሚው ወደ 5 በመቶ ተኮማተረ፣ ስራ አጥነት ከ2 በመቶ አካባቢ ተነስቶ 7 በመቶ ደረሰ። ወደ 3.5 ሚሊዮን የሚሆን ሰው የጋብቻ ቀለበቱንና የልጁን የልደት ወርቅ እያወጣ ለአገሩ ሰጠ፣ 227 ቶን ወርቅ ተሰበሰበ። ይሄን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል፣ ምክንያቱም ያቺ ቀለበቷን ያወጣች ሴትዮ አንድም ዶላር አልተበደረችም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በል። ቀውሱ መርገብ የጀመረው የውጭ ባንኮች ብድራቸውን ለማራዘም ሲስማሙ ነው። በ1998 መጀመሪያ ወደ 22 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የአጭር ጊዜ የባንክ እዳ ከ1 እስከ 3 አመት ወደሚከፈል በመንግስት ዋስትና ወዳለው እዳ ተለወጠ። እዳው አልተሰረዘም፣ የተለወጠው መክፈያ ጊዜው ነው! ከእዳው መጠን ይልቅ የመመለሻ ቀኑ ሊገድልህ እንደሚችል ከዚህ በላይ ማሳያ የለም።

ሁለተኛው ጊዜ ይበልጥ ያስገርማል፣ ምክንያቱም ኮሪያ ትምህርቷን ወስጄያለሁ ብላ መጠባበቂያዋን ወደ 240 ቢሊዮን ዶላር አሳድጋ ነበር። ከ2006 ጀምሮ የኮሪያ መርከብ ሰሪዎች ከአለም ትእዛዝ ይጎርፍላቸው ጀመር። ክፍያው በዶላር ነው፣ የሚመጣው ግን በአመታት ውስጥ ነው። እነሱም "ዶላሩ እስኪመጣ ቢረክስብንስ" ብለው ወደፊት የሚያገኙትን ዶላር በዛሬ ስምምነት ለባንክ ይሸጣሉ። ባንኩ ደግሞ ወደፊት ዶላር ልገዛ ተስማምቻለሁና ሚዛኔን ልጠብቅ ብሎ ዛሬ ከውጭ የአጭር ጊዜ ዶላር ይበደርና ገበያ ላይ ሸጦ ዎን ያደርገዋል። ገባህ አይደል? ማንም አላበደም፣ ማንም ቁማር አልተጫወተም፣ ኤክስፖርቱ ራሱ ሲደራ የባንኮች የውጭ እዳ አብሮ አበጠ። ከዛ መስከረም 15 ቀን 2008 ሌህማን ብራዘርስ የሚባለው ትልቅ የአሜሪካ ባንክ ወደቀ፣ ኒውዮርክና ለንደን ያሉ ባንኮች ለራሳቸው ዶላር ፈለጉ፣ የኮሪያን ብድር ማደስ አቆሙ። 240 ቢሊዮን ያላት አገር ዎኗ በአመቱ መጀመሪያ ከ1,000 በታች የነበረው ህዳር ላይ 1,500 ገደማ ገባ። መንግስት የባንኮቹን የውጭ እዳ እስከ 100 ቢሊዮን ዶላር ዋስ ሆነ፣ የአሜሪካው ማእከላዊ ባንክ ፌዴራል ሪዘርቭም የ30 ቢሊዮን ዶላር የገንዘብ ልውውጥ መስመር (ዎን አስይዛ ዶላር የምትወስድበት) ከፈተላት። አብዛኞቻችን አገሮች እንዲህ የሚከፍትልን የለም።

ከዛ በኋላ ነው ኮሪያውያን አለቃህ ያሉትን ነገር ህግ ያደረጉት። በ2010 ባንኮች ከመርከብ ሰሪዎቹ ጋር እንዳደረጉት ያለ ወደፊት የሚፈፀም የውጭ ምንዛሬ ውል መያዝ የሚችሉትን ከካፒታላቸው ጋር አያይዘው ገደቡት፣ ለአገር ውስጥ ባንክ 50 በመቶ፣ ለውጭ ባንክ ቅርንጫፍ 250 በመቶ። በነሐሴ 2011 ደግሞ ከተቀማጭ ውጭ ባለ የውጭ ምንዛሬ እዳ ላይ ቀረጥ ጣሉ፣ እስከ አንድ አመት በሚከፈለው ላይ 0.2 በመቶ። ጉዳዩ ግን ቁጥሩ ላይ አይደለም። ጊዜው ሲደላ ገደቡን ጠበብ፣ ሲከፋ ላላ ያደርጉታል። መጋቢት 2020 ኮቪድ ሲመጣ ከጊዜ በኋላ ወደ 40 በመቶ ወርዶ የነበረውን የአገር ውስጥ ባንኮች ገደብ መልሰው 50 አደረጉት፣ ቀረጡንም ለጊዜው አነሱት። ዑደቱ ወደላይ ሲጎትት እነሱ ወደታች፣ ወደታች ሲጎትት እነሱ ወደላይ ማለት ነው።

አሁን ወዳንተ ቢሮ እንምጣ። "ርካሽ ወለድ" ያላችሁት ነገር መጀመሪያ ይታይ። ለምሳሌ ዶላሩን በ9 በመቶ ብታገኙትና በብር ብድር 18 በመቶ ቢሆን፣ ዶላር በአመት ውስጥ በብር ከ8 በመቶ በላይ ከተወደደ ርካሽነቱ አለቀ፣ ከዛ በኋላ ውድ ነው። በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 አልፏል። ያኔ 10 ሚሊዮን ዶላር እዳ የነበረበት 570 ሚሊዮን ብር ያለበት መስሎት ተኝቶ ሲነሳ ከ1 ቢሊዮን በላይ ሆነበት። የማውቀው አንድ አስመጪ እቃውን ከአቅራቢው በዱቤ አምጥቶ፣ በድሮው ዶላር ዋጋ ተምኖ ሸጦ ጨርሶ፣ ክፍያው ሲደርስ በአዲሱ ዋጋ ዶላር መግዛት ነበረበት። ሰውየው ሰነፍ አይደለም፣ አልሰረቀም፣ አልተዘናጋም፣ የተበደረበትና የሸጠበት ገንዘብ ስለተለያየ ብቻ ሀያ አመት የለፋበት ነገር ሊወድቅ ደረሰ።

"እኛ እኮ ለደንበኛው በዶላር ነው የምናበድረው፣ ኪሳራው የሱ ነው" የምትል ከሆነ ደግሞ አትሳሳት። ደንበኛው ገቢው በብር ከሆነ ዶላር ሲወደድ መክፈል ያቅተዋል፣ መክፈል ሲያቅተው ያንተ የተበላሸ ብድር ይሆናል። የምንዛሬውን አደጋ በደንበኛው በር አውጥተህ በመስኮት መልሰህ አስገባኸው ማለት ነው። ያውም በክፉው ሰአት፣ ሁሉም ደንበኛ ባንዴ። ለዚህ ነው አለቃህ "ይዞህ ይወርዳል" ያሉት፣ ባንኩ ለውጭ ሊከፍል ዶላር ይገዛል፣ ዶላር ይወደዳል፣ ደንበኛ ይከስራል፣ የባንኩ ካፒታል ይቀንሳል፣ ባንኩ ማበደር ያቆማል፣ ማበደር ሲያቆም ንግዱ ይቀዘቅዛል፣ ይሄን ያየ የውጭ አበዳሪ ደግሞ የቀረውንም ይጠይቃል።

እና አትበደሩ ማለቴ አይደለም፣ ይሄን ካልኩ ውሸት ነው። ቡና ላኪ ውል ይዞ፣ ቡናው ተጭኖ ዶላሩ እስኪገባ ሶስት አራት ወር የሚያሰራው ዶላር ብታበድሩት የሚመለሰውም ዶላር ነው፣ ጊዜውም ይገጥማል። ከልማት ባንኮች የሚገኝ የሰባት የስምንት አመት ብድርም ለፋብሪካ ቢውል ሌላ ነገር ነው። ከንግድ ባንክ የመጣ የስድስት ወር ዶላር ለህንፃ ሲሄድ ግን፣ ወንድሜ፣ አንተ ብድር ክፍል ነህ፣ ፊርማህ እዛ ወረቀት ላይ አለ፣ እምቢ በል። እምቢ ለማለት ከባድ የሚሆነው ደግሞ ሁሉም ሲያተርፍ፣ ጎረቤት ባንክ ሲያበድር፣ ቦርዱ "ለምን ወደኋላ ቀረን" ሲል ነው።

ጥያቄ 2፦ ዱባይ ነው የምኖረው። አገር ቤት ባንክ ውስጥ የዲያስፖራ የዶላር አካውንት አለኝ። ይሄስ ባንኩ ከውጭ እንደተበደረ ይቆጠራል? እኔ ላይ የሚመጣ ነገር ይኖራል ወይ? እህታችሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ባንኩ ላንቺ በዶላር እዳ አለበት፣ በዚህ በኩል ይመሳሰላል። ፀባዩ ግን የተለየ ነው። የለንደን ባንክ ገንዘቡን የሚያወጣው ኮምፒውተር ላይ አንድ ቁጥር ስለተለወጠ ነው፣ አንቺ ግን ቤት ለመስራት፣ እናትሽን ለመርዳት፣ አንድ ቀን ለመግባት ነው ያስቀመጥሽው፣ ስለዚ ለባንኩ ከሌሎች ባንኮች ከሚመጣ ትልቅ ብድር ይልቅ የሚያምነው ገንዘብ ያንቺ ነው። የኮሪያው ቀረጥም ተቀማጭን ያልነካው ለዚህ ነው። ይሁንና አስቀማጭ ሁሉ አንድ አይነት አይደለም፣ ላትቪያ የምትባል ትንሽ የአውሮፓ አገር ውስጥ ፓሬክስ የሚባል ባንክ ከውጭ ሰዎች ብዙ ተቀማጭ ሰብስቦ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲደነግጡ ብዙዎቹ በጥቂት ሳምንት ጥለውት ወጡ። እነዛ ግን ከአገሩ ጋር ምንም ዝምድና የሌላቸው፣ ለምቾትና ለወለድ ብቻ የመጡ ነበሩ። ባንክሽን የምትጠይቂው ነገር ካለ ይሄ ነው፣ የኔን ዶላር የምታበድሩት ዶላር ለሚያገኝ ሰው ነው ወይ? በደንብ መመለስ ካልቻሉ አንድ ባንክ ላይ ሁሉንም አታስቀምጪ።

ጥያቄ 3፦ በታህሳስ 2017 በፀደቀው ህግ የውጭ ባንኮች ሊገቡ ነው። እነሱ ከእናት ባንካቸው ዶላር ስለሚያመጡ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ አይሆኑም? አጭር መልስ እፈልጋለሁ። ከሀዋሳ።

መልስ፦ ነፃ አይሆኑም፣ ግን ልዩነት አለ። እዛው ላትቪያን እንውሰድ። የስዊድን ባንኮች እነ ስዌድባንክ እና ኤስኢቢ ከስቶክሆልም ገንዘብ እያመጡ ቤት ለሚገዛው ሰው አብዛኛውን በዩሮ አበደሩ፣ የቤት ዋጋ ሰማይ ነካ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ኢኮኖሚው ባንድ አመት ከ10 በመቶ በላይ ወደቀ። ፓሬክስ ግን የአገሬው ነበር፣ የውጭ ባንኮች በጋራ ያበደሩት ገንዘብ መክፈያው እየደረሰ ነበር፣ የሚደግፈው እናት ባንክ የለውም፣ ህዳር 2008 መንግስት ወሰደው። ስዊድኖቹ ላትቪያ ያሉትን ልጅ ባንኮቻቸውን አልጣሉም፣ በ2009 ቪየና ላይ በተጀመረው ስምምነትም ሌሎች የምእራብ አውሮፓ ባንኮች በምስራቅ ያላቸውን ገንዘብ ባንዴ እንዳያወጡ ከመንግስታትና ከአይኤምኤፍ ጋር ቃል ተግባብተዋል። ስለዚ እናት ባንክ ያለው ሲከፋ የመቆየት እድሉ ይሻላል፣ ሲደላ ግን ከማንም በላይ ገንዘብ ሊያፈስና አገሩን ሊያሞቀው ይችላል። ፈቃድ ሰጪው ሊያየው የሚገባው ከእናት ባንኩ የሚመጣው ገንዘብ የስንት ወር ነው፣ በምን ገንዘብ ይበደራል፣ እናት ባንኩ አገሩ ላይ ቢታመም እዚህ ያለው ቅርንጫፍ በራሱ ተቀማጭ ስንት ወር መቆም ይችላል የሚለውን ነው። ይሄ ጥያቄ መጠየቅ ያለበት ደግሞ ፈቃዱ ከመፈረሙ በፊት ነው።